በዕድሜ ቅደም ተከተል

ቦንጋ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ነው። ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሲበቃው ይወጣል፣ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ደግሞ ይመለሳል። ይመኙሻል ወልደ ማርያም ከፍርድ ቤቱ ማዶ በቆርቆሮ ጥላዋ ስር ስትቀመጥ በመጀመሪያ የምትዘረጋው ወረቀቷን ሳይሆን ላስቲኳን የሆነው ለዚህ ነው። ከላስቲኩ ስር ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ስር የቆርቆሮ ሳጥን አለ፤ በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የሰው እሮሮ በካርቦን ተባዝቶ ተቀምጧል። የመሬት ክርክር፣ የፍቺ፣ የጡረታ፣ የጠፋ በሬ፣ ተገኝቶ ባለቤት የበዛበት በሬ። ይመኙሻል ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ጽፋለች።

ከጎኗ ሁለት ኮምፒውተር ቤቶች ከተከፈቱ ወዲህ የከተማው ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ከገጠር የመጣው ግን ዛሬም እሷ ፊት ነው የሚቆመው፤ ኮምፒውተሩ መጻፍ እንጂ ማድመጥ አያውቅማ። ይመኙሻል አስቀድማ ታዳምጣለች። ባለጉዳዩ አማርኛው ሲያጥረው በካፊኖኖ ይቀጥላል፤ እሷም አብራው ትሻገራለች። ሲጨርስ፣ «እሺ፣ አሁን ስድቡን እናውጣና እንጻፈው» ትላለች። ስድቡ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ አይሞላም።

ሙያውን ያወረሷት አባቷ ናቸው። አያቷ ከሹመኛ ጋር ከመንዝ የመጡ ሰው ነበሩ፤ አባቷ አቶ ወልደ ማርያም ደግሞ እዚሁ ተወልደው እዚሁ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው አረጁ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ብዕሩን ለሴት ልጃቸው አስያዙ፤ ጎረቤት ቢስቅም እሳቸው አልሳቁም። ባሏ በወጣትነቱ ሲሞትባትና አንዲት ልጇን ብቻዋን ስታሳድግ ያበላት ያ ብዕር ነው። ልጇ ሚስጥር አሁን ጅማ አስተማሪ ናት፤ በስልክ በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ በቃሽ» ትላታለች፤ ይመኙሻልም «እሺ» ብላ በማግስቱ ላስቲኳን ትዘረጋለች።

አባቷ ካስተማሯት ሁሉ አንዲቷን ነገር እንደ ጸሎት ነበር የያዘቻት።

«ወረቀት እንደ ግብዣ ነው» ይሉ ነበር። «ሽማግሌ ሳይቀመጥ ልጅ አይቀመጥም። የብዙ ሰው ስም ስትደረድሪ በዕድሜ ደርድሪ፤ ያኔ ማንም አይቀየምሽም።»

እውነታቸውን ነበር። እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ማንም ተቀይሟት አያውቅም።

ጥቅምት በገባ በሳምንቱ አንድ አይሱዙ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሃያ ሰባት ሰው አራገፈ። ከሺሺንዳ አለፍ ብሎ ካለ መንደር የመጡ ናቸው፤ የድንጋይ ከሰል ከሚቆፈርበት። ግማሾቹ ጉድጓድ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ ግማሾቹ ከጉድጓዱ በታች ያለውን ወንዝ የሚጠጡ ገበሬዎች ናቸው። ያሰባሰባቸው ኢሳይያስ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከጥፍሩ ስር ያለው ጥቁር በሳሙና አይለቅም፤ ሲናገር ይጣደፋል።

ይመኙሻል አዳመጠች። በነሐሴ የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ማዕረግ የሚባለውን ባልደረባውን ደፈነው። ግድግዳው በእንጨት እንዲደገፍ፣ ለሠራተኛውም የራስ መከላከያ እንዲሰጥ ከክረምቱ በፊት ጀምረው ከሰሉን የሚያስቆፍረውን ድርጅት ሲጠይቁ ነበር። ኢሳይያስ ጓደኛውን በእጁ ቆፍሮ አወጣው፤ ያወጣው ግን ሬሳውን ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቀ ሁሉ «ነገ አትምጣ» ተባለ። በዚህ ላይ ከሰሉ የታጠበበት ውሃ ወደ ወንዙ ይለቀቃል፤ ወንዙ ጠቁሯል።

«እትዬ ይመኙሻል» አለ ኢሳይያስ ስሞቹን ልትደረድር ብዕሯን ስታነሳ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ «የኔን ስም አንደኛ ያድርጉት።»

ቀና ብላ አየችው። አጠገቡ ጋሽ ቢሻው ቆመዋል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ከዛፍ ጫፍ ቀፎ የሰቀሉ፣ አሁንም ጉልበታቸው እንጂ ልባቸው ያልወረደ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ቢሻው እዚህ ቆመው?» አለችው። «ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

ጋሽ ቢሻው እጃቸውን አወናጨፉ። «እኔ እንኳ ለምስክርነት ነው የመጣሁት። የትም አስቀምጪኝ። ብቻ ንቦቹ ያን ውሃ ጠጥተው አለቁ በይልኝ።»

ኢሳይያስ አፉን ከፈተ። ጋሽ ቢሻውን አየ። አፉን ዘጋ።

ይመኙሻል እንዳሸነፈ ሰው ጻፈች፤ አንደኛ፣ ቢሻው። ሁለተኛ፣ ገብረጊዮርጊስ፤ ጡረታ የወጡ የደን ጠባቂ፣ ሰባ ዓመታቸው። ከዚያ እትዬ ትርሐስ ቀረቡ፤ ለሠራተኞቹ ምሳ የሚሸጡ፣ የማዕረግንም ሬሳ ያጠቡ ናቸው። ዕድሜያቸውን ስትጠይቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው «ሃምሳ ስምንት» አሉ። ይመኙሻል ሳቋን ዋጠች። እትዬ ትርሐስ ከእናቷ ጋር በአንድ ማኅበር ጠጥተዋል፤ በክርስትናዋ ዕለት ታቅፈዋታል። እሷ ራሷ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በስድስት ዓመታቸው አቅፈዋት ካልሆነ በቀር ነገሩ አይገጥምም። ምንም ሳትናገር በልቧ ስልሳ ስምንት ብላ ገመተችና ሦስተኛ አደረገቻቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ኢሳይያስ አሥራ ዘጠነኛ ሆነ።

ፈረሙ፤ ያልቻሉት በአውራ ጣት ረገጡ። ሦስት ቅጂ ነበር፤ አንዱ ለዞኑ ቢሮ ገቢ ሆነ፣ አንዱን ኢሳይያስ ያዘ፣ አንዱ የቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ ገባ። ማምሻውን ሳጥኗን እንደ ሁልጊዜው ከጀርባዋ ካለው ከከሚል ሱቅ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ያን ቀን ጥሩ የጻፈች መስሏት ነበር።

የገብርኤል ዕለት ጠዋት ጋሽ ቢሻው ከቅዳሴ ሲመለሱ ሦስት ሰዎች መንገድ ላይ ጠበቋቸው። ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነዋል። የሽማግሌውን ጋቢ አልወሰዱም፤ ስልካቸውንም አልወሰዱም። ቀኝ እጃቸውን ሁለት ቦታ ሰብረው ሄዱ።

ይመኙሻል ይህን የሰማችው ከአንድ ባለጉዳይ ነው። ብዕሯን አስቀምጣ አማተበች፤ አዘነች፤ ወንበዴውንም ረገመች። ከዚያ የሰውየውን የውርስ ማመልከቻ ቀጠለች። ሰው እንዲህ ነው፤ የሰማው መከራ የራሱ ሥራ መሆኑን እስኪያውቅ ድረስ ሥራውን ይሠራል።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ግቢ ሰዎች በቀትር ገቡ። የቡና ዛፎቻቸውን ከጉልበት በታች ቆረጡ፤ ሊከለክሉ የወጡትን ሽማግሌ በሰደፍ ወገባቸውን መቷቸው። ልጃቸው ያንኑ ቀን መኪና ይዞ መጥቶ እሱ ወደሚኖርበት ወደ ቢታ ገነት ወሰዳቸው። ፖሊስ ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም አለ፤ የመጀመሪያው ዝርፊያ ሳይሆን አይቀርም፣ ሁለተኛው የድንበር ጠብ ይመስላል።

ይህን ስትሰማ ይመኙሻል ሳጥኗን ከፈተች። ወረቀቱን አወጣች። አንደኛ፣ ቢሻው። ሁለተኛ፣ ገብረጊዮርጊስ።

ጣቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። ሦስተኛ፣ ትርሐስ።

የመንደሩ ሰዎች ማን በስንተኛ እንደተጻፈ አያውቁም፤ እየተጠሩ መጥተው ረግጠው ሄዱ። ኢሳይያስ ግን ያውቃል። እሷም ታውቃለች። እና ደግሞ ያ ሦስተኛው ወገን፣ ዝርዝሩን አንብቦ «አንደኛ የተጻፈው መሪው ነው» ብሎ ያሰበው፣ እሱም ያውቃል። ከየት አገኘው? ከቢሮው? ከኢሳይያስ ቅጂ? ወይስ ከዚሁ ከሷ ሳጥን? ዘወር ብላ ከሚልን አየችው። ስኳር እየመዘነ ነበር። ሃያ ዓመት ጎረቤቷ ነው፤ ባሏ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከለ ሰው ነው። «ምነው ይመኙሻል፣ አሞሻል?» አላት። «አላመመኝም» አለች፤ ዓይኑን ግን ማየት አቃታት። ከዚያ እሱን በመጠርጠሯ ራሷን ጠላች። ከዚያ ደግሞ ባልጠረጥረው ሞኝ ብሆንስ ብላ ተጨነቀች። እንዲህ እየተገላበጠች ዋለች።

በማግስቱ የመንደሩ እድር ጥሩንባ ነፊ ተስፋሁን መጣ። ሥራው ሞት ማወጅ ነውና ሲናገርም ፊቱ ሁልጊዜ ለቅሶ ላይ እንዳለ ነው።

«እትዬ፣ የላከኝ የእድሩ ዳኛ ነው። ሰው ሁሉ ተቆጥቷል። ኢሳይያስ ሸጦናል እየተባለ ነው።»

«እንዴት?»

«መሪው እሱ፤ የሚመታው ሌላ! ድርጅቱ ቢቀየምማ መጀመሪያ ማንን ይነካል? እሱን አንዲት ጥፊ አልነካችውም። ሽማግሌዎቹን አሳልፎ ሰጥቶ ራሱን አዳነ ይላሉ። ለእሑድ ተጠርቷል፤ ከእድር ሊሰርዙት ነው።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ። «እናቱ ደግሞ አልጋ ላይ ናት። ዛሬ ነገ ነው።»

ይመኙሻል ነገሩ ገባት። ከእድር የተሰረዘ ሰው ቀባሪ የለውም፤ እሳት የሚያቀብለው የለም። ኢሳይያስ እናቱን ብቻውን ሊቀብር ነው።

«እሱስ ምን ይላል?»

«ስሜን አስቀድሙ ብያቸው እትዬ ይመኙሻል እንቢ አሉኝ፤ በዕድሜ ደረደሩት፤ እሳቸውን ጠይቁ ይላል። ያመነው የለም። እውነት ብሎዎት ነበር?»

ይህ ነው ጥያቄው። አዎ ብትል በቂ ነበር። ግን አዎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንዴ ታያት፤ የጋሽ ቢሻውን እጅ የሰበረው የኔ ብዕር ነው ማለት ነው። ነገ ደግሞ ማን ሊያጽፍ እሷ ዘንድ ይመጣል? እነዚያ ፊታቸውን በሻሽ የሸፈኑትስ ወደ እሷ ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?

«ተስፋሁን» አለች፣ «በቀን ስንት ማመልከቻ እጽፋለሁ። የቱን አስታውሼ የቱን ልርሳ?»

ተስፋሁን ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ውሸቱ እንዴት ቀሎ እንደወጣ ራሷ ገረማት። ሃያ ስድስት ዓመት የሌላውን ሰው ውሸት ከወረቀት ላይ ስትቀንስ ኖራ የራሷን በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው።

አርብ ሥራ እንቢ አላት። የከሳሽን ስም ለተከሳሽ ሰጠች፤ የአንዲት ሴት የፍቺ ማመልከቻ ላይ ባልና ሚስቱን በዕድሜ ልትደረድር ስትል ባነነች። ወደ ቢሮው ሄዳ ማመልከቻው የት እንደደረሰ ጠየቀች። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «ፕሮሰስ ላይ ነው» አለቻት። «ማን እጅ?» ብላ ጠየቀች። «ፕሮሰስ ላይ ነው» አለቻት ደግማ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። ይመኙሻል ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ክፉ ፊት አልነበራትም። የማንም ፊት ክፉ አይደለም፤ ያስቸገራት እሱ ነው። ክፉው ማን እንደሆነ ብታውቅ ቢያንስ የሚረገም ሰው ታገኝ ነበር። አሁን በእጇ ያለው ጥፋተኛ አባቷና እሷ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ያደረጉት ሰውን ማክበር ነው።

እሑድ ማለዳ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በሺሺንዳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ልትናገር ይሁን ልትሰማ አላወቀችም ነበር። ከሺሺንዳ ወዲያ በእግሯ ሄደች። ወንዙን ስትሻገር ድልድዩ ላይ ቆማ ቁልቁል አየች። ማመልከቻው ላይ «ወንዙ ጠቁሯል» ብላ ጽፋለች፤ አይታው ግን አታውቅም ነበር። ውሃው ከምጣድ ስር እንደተጠረገ ጥላሸት ነው። አሳንሳ ነበር የጻፈችው።

የእድሩ ሰዎች ከቅዳሴ መልስ በድንኳን ማስቀመጫው ደጃፍ በአግዳሚዎች ላይ ተቀምጠዋል። ዳኛው አቶ ወልደሥላሴ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ጋሽ ቢሻው ከፊት ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሮ በሻሽ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ኢሳይያስ መሐል ቆሟል። ዙሪያውን ሦስት ሦስት ክንድ ያህል ባዶ መሬት አለ፤ የሚቆምበት ሰው የጠፋው ሆን ተብሎ ነው። አልተላጨም፤ አንገቱን ደፍቷል።

«ይመኙሻል?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ ደንግጠው። «አላስታውስም ብለሽ ልከሽ አልነበር?»

«ዋሽቼ ነው» አለች።

ድምፅዋ ያልጠበቀችውን ያህል ወጣ። የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። ከዚያ ወደ ጋሽ ቢሻው ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ ቢሻው፣ እርስዎን ያስመታሁት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ የኔን ስም አንደኛ አድርጉት ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩት። ስሞቹን በዕድሜ ደረደርኩ። አንደኛ እርስዎ ነዎት፤ ሁለተኛ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ። የመቷችሁ ሰዎች በተራ ነው የመጡት። ኢሳይያስ ያልተመታው አሥራ ዘጠነኛ ስለሆነ ነው።»

ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ። «ምን ዓይነት ጣጣ ነው!» ያለ አለ። «ስንት ከፍለውሽ ነው ዛሬ የመጣሽው?» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ያ ድምፅ ይመኙሻልን ከዱላ በላይ አመማት፤ ምክንያቱም እሷም ከሚልን እንዲሁ ነበር የጠረጠረችው።

ጋሽ ቢሻው እጃቸውን አይተው እሷን አዩ።

«ለምን አስቀደምሽኝ?»

«ለክብርዎ ብዬ ነው።»

«አንተስ?» አሉ ወደ ኢሳይያስ ዞረው። «ያን ዕለት አፍህን ከፍተህ የዘጋኸው ምን ልትል ኖሯል?»

«ይመቱዎታል ልል ነበር፣ ጋሼ።» ኢሳይያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «አንደኛ የተጻፈው ይመታል። ይህን አውቄ ነው አስቀድሙኝ ያልኩት። ግን እርስዎ ፊት እንዴት ልበለው? ከእርስዎ ጋር ለቦታ ልጋፋ?»

ሽማግሌው የታሰረ እጃቸውን በሻሹ ላይ አደላደሉ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «እሷ ለክብሬ ብላ ጻፈች። አንተ ለክብሬ ብለህ ዝም አልክ። እኔም በሁለታችሁ ክብር እጄ ተሰበረ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፈረና ዝም አለ። ጋሽ ቢሻው አልሳቁም። ተቆጥተው ነበር። ይመኙሻል ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

አቶ ወልደሥላሴ መዝገባቸውን ዘጉ። «የኢሳይያስ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል» አሉ። ማንም አልተቃወመም። ጥሩንባ ነፊው ተስፋሁን ከአግዳሚው ተነስቶ በዚያ ባዶ መሬት ላይ አልፎ ከኢሳይያስ ጎን ቆመ፤ ከዚያ ሌሎችም ተነሱ። ኢሳይያስ ይመኙሻልን አላመሰገናት፤ አላያትም እንኳ። ልክ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ተስፋሁን ሲጠይቃት መናገር ትችል ነበርና።

«ቆይ» አሉ እትዬ ትርሐስ ከሴቶቹ መሐል። «ሦስተኛው ማን ነው?»

ይመኙሻል ወረቀቱን አየች፤ ማየት ሳያስፈልጋት።

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ?» ደረታቸውን ያዙ። «ከዚህ ሁሉ ሽማግሌ በፊት እኔ? ሃምሳ ስምንት ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኝ ነበር። ግን ከእናቴ ጋር ማኅበር ጠጥተዋል፤ በክርስትናዬ አቅፈውኛል…»

ደጃፉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ወልደሥላሴ ሳይቀሩ መዝገባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። እትዬ ትርሐስም ራሳቸው በእጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየጠፋ ሄደ፤ ሦስተኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ ሰው በየተራው ሲገባው። በመጨረሻ የቀረው የእትዬ ትርሐስ ሳቅ ብቻ ነበር። እሱም ቆመ።

«አዲስ ማመልከቻ እንጽፋለን» አለ ኢሳይያስ። «ድብደባውንም ጨምረን፣ ከዚህ ከዞኑ በላይ እንልካለን። አሁን ግን አንደኛ እኔ ነኝ። ማንም አይከለክለኝም።»

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ቢሻው።

«ጋሼ…»

«አይሆንም አልኩህ! አንተ ጉድጓድ ትወርዳለህ፤ አልጋ ላይ የተኛች እናት አለችህ። ማዕረግን የቀበርነው በነሐሴ ነው፤ ሌላ ልጅ አልቀብርም።» በግራ እጃቸው አግዳሚውን መቱ። «ሰርግ ላይ ከፊት አስቀምጣችሁኛል። ተዝካር ላይ ከፊት አስቀምጣችሁኛል። ሽማግሌ ፊት የሚቀመጠው ለጠጅ ብቻ ነው እንዴ? ይመኙሻል፣ ጻፊ። አባትሽ እንዳስተማሩሽ ጻፊ። ግን አሁን ሁሉም አውቆት ይጻፍ። የማይፈልግ ይቅር፤ ቂም የለም።»

ይመኙሻል የአቶ ወልደሥላሴን መዝገብ ለመደገፊያ ተቀብላ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። ይህ ደግሞ ትክክል ይሁን ሌላ ስህተት አላወቀችም። ይህኛውን ዝርዝር ማን እንደሚያየው አታውቅም፤ ያንንም ማን እንዳሳየው አላወቀች። የምታውቀው እጇ ላይ ብዕር መኖሩን ብቻ ነው። «አንደኛ፣ ቢሻው» ብላ ጻፈች። ሽማግሌው የግራ አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ነክረው ረገጡ፤ ቀኙ አይታዘዝም።

«ሁለተኛ» አለችና ቆመች። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቢታ ገነት ናቸው። ይጻፉ አይጻፉ ማን ይወስናል?

እትዬ ትርሐስ ተነስተው መጡ። ከፊቷ ቆሙ። ይመኙሻል ቀና ብላ አየቻቸውና የሚሉትን ቀድማ ያወቀች መሰላት፤ መቼስ መንገዱ ክፍት ነው። ሃምሳ ስምንት ነኝ ቢሉ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ይሆናሉ፤ ማንም በፊታቸው አይስቅም፤ እሷም ዛሬ ያሉትን ትጽፋለች። በልቧ «ይበሉት፣ እባክዎ ይበሉት» አለች።

«ስንት ብለሽ ነበር የገመትሽኝ?» አሏት ዝቅ ብለው።

«ስልሳ ስምንት።»

እትዬ ትርሐስ ወደ ሴቶቹ ዞር ብለው አዩ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ተመለሱ።

«ሰባ ሦስት ነኝ» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ከገብረጊዮርጊስ በፊት አድርጊኝ።»

አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ይመኙሻል ቀለሙን አቀረበችላቸው፤ እጃቸውንም ያዘች፤ ልትደግፋቸው ይሁን ልትደገፍ አልታወቀም።